ሂሳብ ለየራስ፤ ጥያቄውስ የማን?

ካፌ ተቀጣጥረን ስንገናኝ አንዱ ገና ከመቀመጡ «ዛሬ ሂሳብ ለየራስ ነው» ካለ ነገሩ ያኔውኑ ይለይለታል። ኪሱ የሞላው በርገሩን ያዝዛል። መሃል ላይ ያለው «ቅድም በልቻለሁ» ብሎ ሻይ ይጠጣል። ጭራሽ የሌለው ደግሞ ገና በር ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ውይ፣ አስቸኳይ ነገር ገጠመኝ» ይላል። ማንም ማንንም አላባረረም፤ በሩም አልተዘጋም። ጠረጴዛው ላይ ስለምን እንደሚወራ የሚወስኑት ግን የተቀመጡት ናቸው።

የዓለም የሳይንስ ገንዘብም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው ብንል ብዙ አላጋነንም። በተለይ «ለምድራችን ዘላቂነት» ተብሎ የሚመደበው፣ ድርቁን፣ ውኃውን፣ ደኑን፣ የከተማውን ሙቀት በጋራ እናጥና ተብሎ በአገሮች ስምምነት የሚወጣው ገንዘብ። ርዕሱ ለቡና ወሬ አይመችም፤ እናውቃለን። ግን ጣናን ማን ያጥናው? ቡናችን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የት ይበቅል ይሆን ብሎ ማን ይጠይቅ? የሚወሰነው እዚህ አሰልቺ ቦታ ላይ ስለሆነ እስኪ ትንሽ ታገሱን።

እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንና የብሪታንያው የተፈጥሮ አካባቢ ምርምር ካውንስል የሌሎች አገሮች አቻዎቻቸውን ጠርተው ሜሪላንድ ውስጥ ቤልሞንት በሚባል ቦታ ተሰበሰቡ። የስብሰባው ባለቤቶች ተመራማሪዎቹ ሳይሆኑ ለተመራማሪዎች ገንዘብ የሚሰጡት ነበሩ። ጭንቀታቸው ቀላል ነው፦ ድርቅ ድንበር አያውቅም፣ የውቅያኖስ ሙቀት ቪዛ አይጠይቅም፣ የምርምር ገንዘብ ግን ኬላ ላይ ይቆማል። የብዙ አገር ሕግ የራሱን ግብር ከፋይ ገንዘብ አውጥቶ ለሌላ አገር ተመራማሪ መስጠትን ይከለክላል ወይም ያከብዳል። ከዚያ ስብሰባ ቤልሞንት ፎረም የተባለው የገንዘብ ሰጪዎች ማኅበር ተወለደ። ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ህንድ፣ ቻይና፣ ብራዚል በየተቋሞቻቸው በኩል ገቡበት። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በብሔራዊ የምርምር ፋውንዴሽኗ አማካይነት ወንበር ያዘች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አባላቱ ተመካክረው አንድ ርዕስ ይመርጣሉ፤ ለምሳሌ ተራሮች፣ ለምሳሌ የሐሩር ደኖች። ጥሪ ይወጣል። ለመወዳደር ቢያንስ ከሦስት አገሮች የተውጣጣ ቡድን ያስፈልጋል፤ ቡድኑ ውስጥም የተፈጥሮ ሳይንቲስቱና የማኅበራዊ ሳይንቲስቱ አብረው መኖር አለባቸው፤ ውጤቱን የሚጠቀምበት ማኅበረሰብም ከመጀመሪያው እንዲገባበት ይፈለጋል። ፕሮፖዛሎቹ በጋራ ይገመገማሉ። እዚህ ድረስ ሸጋ ነው። አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ግን የአሜሪካውን ተመራማሪ አሜሪካ ትከፍላለች፣ የጃፓኑን ጃፓን፣ የብራዚሉን ብራዚል። የጋራ ካዝና አለ ይባላል፤ ካዝናው ግን በሐሳብ ብቻ ያለ ነው። በመርሁ ገንዘቡ ድንበር አይሻገርም። ሂሳብ ለየራስ።

አገሩ በጥሪው ውስጥ ገንዘብ አዋጪ የሌለው ተመራማሪስ? እሱም መግባት ይችላል፤ አይከለከልም። የራሱን ወጪ ከሌላ ቦታ ይዞ ይምጣ እንጂ!

ነገሩን ወደ ጣና እናምጣው። እምቦጭ ሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 ነው። ቤልሞንት ፎረም የመጀመሪያ ጥሪዎቹን ያወጣው በ2012 ሲሆን ከሁለቱ ርዕሶች አንዱ የወንዝና የሐይቅ ውኃ ዋስትና ነበር። አስቡት እንግዲህ። አረሙ ታየ በተባለ በዓመቱ፣ ለእንዲህ ያለ ችግር የሚሆን ዓለም አቀፍ የገንዘብ ጥሪ ወጣ። ቡድኑን እኛው ቁጭ ብለን በወረቀት ላይ ማዋቀር እንችላለን። የእምቦጭ የትውልድ አገር የአማዞን ተፋሰስ ነውና አንዷ ብራዚል። ደቡብ አፍሪካ አረሙን የሚበላ ትንሽ ጢንዚዛ ከ1974 ጀምሮ እየለቀቀች ስትታገለው የኖረች ናትና ሁለተኛዋ እሷ። ሦስተኛዋ ሐይቁ ያለባት አገር። ከሦስቱ ሁለቱ ገንዘብ ይዘው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። የጎደለችው ሐይቁ ያለባት ናት። በዚያ ጥሪ ገንዘብ ካዋጡት መካከል ኢትዮጵያ አልነበረችም።

እኛ በበኩላችን ምን አደረግን? ነቀልን። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ተማሪው በክረምት ሄዶ ነቀለ። ማሽን ተገዛ፤ በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም አዋጥተው ማሽን ላኩ። በ2020 ትልቅ ዘመቻ ተጠራ፤ እንደገና ተነቀለ። ይህን ሁሉ የምንለው ለማሾፍ አይደለም፤ እጁን ውኃ ውስጥ የከተተውን ሰው እናከብራለን። ግን ለማሽን የሚዋጣው ገንዘብ ለጥያቄ አይዋጣም። አረሙ ሐይቁ ላይ የያዘውን ስፋት እንኳ ብንወስድ፣ በየጊዜው የወጡት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው በብዙ እጥፍ ይራራቃሉ። ስፋቱን ሳንስማማበት ቀነሰ ወይስ ጨመረ ብለን እንከራከራለን። ከየትኛው ማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያና አፈር ነው የሚያፋፋው? የተነቀለው የት ይጣል? ጢንዚዛው ጣና ላይ ይሠራል ወይስ ሌላ መዘዝ ያመጣል? በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ ኡጋንዳና ኬንያ ጢንዚዛውን ለቀው አይተውታል፤ ልምዱ ጎረቤት ነው ያለው። እነዚህ በዘመቻ የሚመለሱ ጥያቄዎች አይደሉም። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ጀልባ ላይ የሚውል ሰው ይፈልጋሉ።

«ፈረንጆቹ እኮ መጥተው ያጠኑልናል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ያጠናሉ፤ ደህና አድርገውም ያጠናሉ። በ2017 ኔቸር ፕላንትስ በተባለው መጽሔት የወጣውን የቡና ጥናት ውሰዱ። የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ተቋም ሰዎችና እነ ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ አብረው የሠሩት ነው። የአየር ንብረት ለውጡ በዚሁ ከቀጠለ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ደግነቱ እዚያ ላይ አላቆሙም። ቡናው ወደ ደጋው ከፍ ከፍ እንዲል ከተደረገና ደኑ ከተጠበቀ ለቡና የሚመቸው መሬት በአራት እጥፍ ሊሰፋ እንደሚችልም ጻፉ። ይህ ለአንድ አገር የኑሮ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ የመጣው ግን ከብሪታንያ፣ ከኖርዌይና ከዴንማርክ መንግሥታት ነበር። እናመሰግናለን፤ በእውነት። ቡና ግን ዓለም በሙሉ በየጠዋቱ የሚጠጣው ነገር ነውና ጠያቂ አያጣም። የሽሮው ሽምብራ፣ የምስሩ፣ የጓያው ጉዳይስ? የአዲስ አበባ ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን ውኃ እንደሚሰጥና ያ ከእንጦጦ ደን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለንደን ውስጥ ማን እንቅልፍ ያጣል? ማጣትም የለበትም። የራሱ ቧንቧ አለው።

ደግሞ የሰው ኪስ የሰው ነው፤ ሲዘጋ አይጠይቅህም። ብሪታንያ ለድሃ አገሮች ችግር ምርምር ብላ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ የመደበችበትን ፈንድ በ2015 ይፋ ስታደርግ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደስታ ልክ አልነበረውም። በ2021 መንግሥቷ የውጭ ዕርዳታውን ከአገራዊ ገቢው 0.7 በመቶ ወደ 0.5 ቀነሰው። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ተቋም በመጋቢት ወር ለዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ ጻፈ፦ ቃል በገባነውና በተሰጠን መካከል የ120 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት አለ፣ እያለ። መሃል መንገድ ላይ የነበሩ ፕሮጀክቶች ተቆረጡ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ወንዝ የለካ ሰው አምስተኛው ዓመት ላይ መለካት ሲያቆም የሚያጣው አንድ ዓመት ብቻ አይደለም። መረጃው ዋጋ የሚኖረው ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነዋ! አሜሪካም በተራዋ በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታዋን አገደች፤ ዩኤስኤድ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሥራውን አቆመ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ሆነው ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር በእርሻና በከብት ርባታ ላይ ይሠሩ ከነበሩት «ፊድ ዘ ፊውቸር» ላቦች አብዛኞቹ በዚያው ዓመት ተቋረጡ።

ስለዚህ ጣታችንን ወደ ገንዘብ ሰጪዎቹ ማኅበር መቀሰር ቀላል ነው፤ እንቀስራለንም። «ዓለም አቀፍ» ብለህ ስትጠራ ዓለምን በኪስ ቦርሳ መርጠህ ከሆነ ስሙን ትንሽ ዝቅ አድርገው። ሌላ መንገድ እንዳለም ታይቷል። ከ2016 እስከ 2021 ዓለም አቀፉ የሳይንስ ካውንስል ከአፍሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች ኅብረት ጋር ሆኖ፣ በስዊድን ገንዘብ፣ ሊራ የተባለ ፕሮግራም ሲያካሂድ መሪዎቹ ራሳቸው ወጣት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ጉዳዩም የአፍሪካ ከተሞች ነበር። ያው ካውንስል በ2019 ዋሽንግተን ላይ ገንዘብ ሰጪዎችን ሰብስቦ ለዘላቂነት ሳይንስ በጋራ ተንቀሳቀሱ ሲል ቆይቷል። አንዳንዱ ገንዘብ በእውነት ወደ አንድ ማሰሮ ገብቶ ለሌላቸው ቢደርስ ማንም አይጎዳም። ይህን እያልን ሳለን ግን ሊራም እንዳለቀ አንርሳ። የስዊድን ገንዘብ ነበር፤ ስዊድን የሰጠችው እስከዚያ ዓመት ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በጥር 2007 እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ሳይንስና ስለ አየር ንብረት ለውጥ መከሩ፤ አገሮች ከአጠቃላይ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር እንዲያውሉም አሳሰቡ። የእኛ መንግሥት በ2012 ባወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከዚያም በላይ ሄደ፤ ቢያንስ 1.5 በመቶ አለ። በዚያው ፖሊሲ አምራቹና አገልግሎት ሰጪው ሁሉ ከዓመት ትርፉ 1 በመቶ የሚያዋጣበት ማዕከላዊ ፈንድም ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው። ዩኔስኮ ያሰፈረው ቁጥር ግን በ2013 ወደ 0.6 በመቶ ገደማ ደርሰን በ2017 ወደ 0.27 መውረዳችንን ያሳያል። ከፖሊሲው በኋላ ነው የወረድነው።

የበሩን ታፔላም ተመልከቱ። በ1975 ኮሚሽን ነበር። ቆይቶ ኤጀንሲ ሆነ። በ2008 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆነ። በ2018 ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ተባለና የከፍተኛ ትምህርቱ ምርምር የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወደተባለ አዲስ ቤት ተዛወረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያም ፈርሶ ትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ገባ። አንድ የውጭ ገንዘብ ሰጪ «ከእናንተ ጋር በጋራ ጥሪ እናውጣ» ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው ቢሮ እስኪያገኝ ቢሮው ስም ይቀይራል። (የዜና ክፍል የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ «የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ» የሚለው ዜና በየዓመቱ ይመጣል፤ ፎቶውም አይለወጥም፤ እጅ ለእጅ መጨባበጥ፣ ከኋላ ባንዲራ። ሰነዱ ከፎቶው በኋላ የት እንደገባ ግን ጠያቂ የለም።)

ከስሙ የባሰው ግን ሰኔ 30 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ሰኔን ያውቃታል። በጀት ይዘጋል፤ ያልተነካ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ በሰኔ ወንበር ይገዛል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ወርክሾፕ ይዘጋጃል። ዝናብን የሚያጠና ሰው ግን ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ አፈሩ ሲታጠብ፣ የምርምሩ መኪና ነዳጅ ያጣል፤ አዲሱ በጀት ተፈቅዶ፣ ግዢው ተፈርሞ እጁ ሲገባ መስከረም ይሆናል፤ ዝናቡም አልፏል። የቤልሞንት ዓይነት ፕሮጀክቶች ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳሉ። በየሰኔው የሚሞትና በየመስከረሙ የሚነሳ ገንዘብ ይዞ ለሦስት ዓመት ቃል መግባት አይቻልም። የብዙ አገሮች የምርምር ፈንድ በሕግ ለብቻው የሚቆመው፣ ገንዘቡ ከዓመት ዓመት የሚሻገረው ለዚህ ነው። ኬንያ በ2013 ባወጣችው ሕግ ብሔራዊ የምርምር ፈንድ አቋቁማለች። አይቮሪ ኮስት ፎንስቲ የሚባል ፈንድ አላት፤ ፎንስቲ በቤልሞንት ጥሪዎች ገብቶ የራሱን ተመራማሪዎች ሂሳብ ከፍሏል። ሀብታም ስለሆኑ ነው አትበሉን።

ሥልጠና አጥተንም አይደለም። በ2015 የካናዳ፣ የብሪታንያና የደቡብ አፍሪካ ተቋማት የአፍሪካን የምርምር ገንዘብ ሰጪ ካውንስሎች ለማጠናከር የጀመሩት ፕሮግራም ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 15 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ፕሮፖዛል እንዴት እንደሚገመገም፣ ጥሪ እንዴት እንደሚወጣ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚከታተሉት ተነግሮናል።

«ሕዝብ ተፈናቅሎ፣ ኑሮ እንዲህ ተወዶ የምርምር ፈንድ ትላላችሁ?» የሚለውን ክርክር አንንቀውም። ይህች አገር በቅርቡ ከባድ ጦርነት ያየች ናት፤ ብሩም በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሆነውን ኪሳችን ይመሰክራል። ግን ወደ ካፌው እንመለስና አስቡት። «ሂሳብ ለየራስ» የሚለው ደንብ የሚያስቀረን ቢሆንም፣ ድሃ ሊገባበት ከሚችለው በር ሁሉ ርካሹ እሱው ነው። የማንንም ሂሳብ ክፈል አይልህም። ለተመራማሪህ ዶላር አምጣ አይልም። የባሕር ዳሩን ተመራማሪ ኢትዮጵያ በብር ትከፍላለች፤ ጀልባውን በብር፣ ነዳጁን በብር፣ ሁለቱን የዶክትሬት ተማሪዎች በብር። ኬሚካልና መሣሪያ ዶላር ይጠይቃል፤ አዎ። እሱንም ቢሆን ጥሩ መሣሪያ ካለው የቡድን አጋር ጋር ናሙናውን ተካፍሎ መሥራት ነው የጋራ ምርምር ማለት። በምላሹ ከጃፓንና ከብራዚል እኩል ተቀምጠህ «ጥያቄው ይህ ይሁን» ትላለህ። በበርገር ፋንታ ሻይ ያዘዘ ሰውም እኮ ወሬው ውስጥ አለ! በየዓመቱ ለየጉባኤው የሚታተመው ባነር፣ ቲሸርትና ኮፍያ ስንት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ገንዘቡ ፈጽሞ የለም ሲለን ማመን ይከብደናል።

የገንዘብ መጠን ላይ አንጨቃጨቅም፤ ትንሽ ይሁን። ትንሹ ገንዘብ ግን ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ብለን እናምናለን። ሚኒስትር ሲቀየር የማይቀየር፣ በአዋጅ የቆመ ቤት ይኑረው። ሰኔ 30 አይንካው። ማን ይሰጠው የሚለውን ደግሞ ከአገር ውስጥም ከውጭም የተውጣጡ የሙያው ሰዎች ስሙን ሸፍነው ይገምግሙት፤ የብሔር ኮታና የዘመድ ፊርማ አይግቡበት። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱን እዚህ አገር ለኖረ ሰው አናስረዳም። ከላይ ባሉት ሁለቱ ተጀምሮ ሦስተኛው ከተበላሸ ግን ፈንዱ ሌላ የአበል ምንጭ ይሆናል፤ ጎበዙም ተመራማሪ ፕሮፖዛሉን እንደለመደው ወደ ውጭ ይልካል፤ ቀጥሎም ራሱ ይሄዳል። አብረውን የተማሩ ስንት ልጆች በዚህ መንገድ እንደሄዱ እናንተም ቁጠሩ። ስለ አባይ ተፋሰስ የሚጽፉት አሁን ከኦስሎና ከሚኒሶታ ነው፤ በሰው አገር ገንዘብ፣ የሰው አገር ካውንስል ባወጣው ጥሪ፣ ጥሪው በመረጠው ርዕስ።

ቀጣዩ የጋራ ጥሪ ሲወጣ ከየአገሩ ስም ጎን ገንዘብ የሚያዋጣው ተቋም ስም ይዘረዘራል። ከኢትዮጵያ ጎን የሚጻፈው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ኃላፊውስ ማን ነው? በስንት ብር? ይህን ጥያቄ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርም ለትምህርት ሚኒስቴርም በጽሑፍ እናቀርባለን፤ እናንተም ተመራማሪ የምታውቁ ከሆነ ባለፈው ሰኔ ስንት ብር እንደተመለሰበት ጠይቁልን። የሚመጣውን መልስ እንዳለ እናወጣዋለን፤ ካልመጣም ያልመለሰውን ቢሮ ስም።